በሃምሳ ሽልንግ የተገዛ ጎረቤት

ለዕቃ ናይሮቢ የወረደ ሰው ሁሉ ቶም ምቦያ ጎዳና ላይ ያያቸዋል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሸራ ይነጠፋል፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ይከመራል፤ ገዢው ወገቡን አጥፎ ያገላብጣል። የከተማው ሰው እነዚህን ሱቆች «ኢናማ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ «ጎንበስ በል» እንደ ማለት ነው። በር የላቸውም፣ መደርደሪያ የላቸውም፤ ጎንበስ ያላለ ሰው ምንም አያገኝም።

እኛ ለብዙ ዓመት ቀና ብለን አለፍናቸው። ዓይናችን ጫማ ላይ፣ የልጆች ልብስ ላይ፣ የስልክ ዕቃ ላይ ነበር። መጽሐፍ ይከብዳል፤ ኪሎ ይበላል፤ ትርፍ የለውም። ነጋዴ ደግሞ ኪሎ የሚበላና ትርፍ የሌለው ነገር አይወድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘን። ዕቃችንን የሚጭነው መኪና ዘግይቶ ነበርና አንድ ታዛ ሥር ተጠለልን። መጽሐፍ ሻጩም ክምሩን በላስቲክ ሸፍኖ አጠገባችን ቆመ። ዝናቡ ሲያባራ ላስቲኩን ገፈፈና «ሃምሲኒ! ሃምሲኒ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ሃምሳ ማለቱ ነው፤ ይህን ለመረዳት ስዋሂሊ ማወቅ አያሻም። ከመካከላችን አንዱ እጁን ሰደደና ጠርዟ የተበላ፣ ቀጭን፣ ብርቱካናማ መጽሐፍ መዘዘ። ርዕሷን አነበበና ዝም አለ። ደግሞ አነበበ። በላቲን ፊደል «አፈርሳታ» ትላለች። ደራሲው ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም ነው።

የእኛ ቃል፣ የእኛ ሰው፣ ናይሮቢ መንገድ ዳር፣ በሃምሳ ሽልንግ። ከአራታችን አንዳችንም የደራሲውን ስም ሰምተን አናውቅም ነበር።

ያን ቀን ጎንበስ ማለት ጀመርን። ከዚያ ወዲህ ያገኘናቸው ደራስያን ብዙ ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት ለምን በርካሽ ታተሙ? ማን አሳተማቸው? እንዴትስ እዚያ ሸራ ላይ ወደቁ? ዕቃ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሙያችን ነውና ጠየቅን። የደረስንበትን እነሆ እናካፍላችሁ። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የርካሽ መጽሐፍ የዘር ሐረግ

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ አገር ነው። በ1935 አለን ሌን የሚባል አሳታሚ «ፔንግዊን» በሚል ስም አሥር መጻሕፍትን በለስላሳ ሽፋን አወጣ። የአንዱ ዋጋ ስድስት ፔኒ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አሥር ሲጋራ የሚገዛ ገንዘብ ነው። ልብ ወለዱን ብርቱካናማ፣ የወንጀል ታሪኩን አረንጓዴ፣ የሕይወት ታሪኩን ሰማያዊ ቀባው። መጽሐፍ ሻጮቹ ግን አልወደዱለትም። በስድስት ፔኒ ተሽጦ ምን ይተርፋል? ያዳነው የመጽሐፍ ቤት አልነበረም። ዉልዎርዝ የሚባለው የርካሽ ሸቀጥ መደብር፣ ከስድስት ፔኒ የሚበልጥ ዕቃ የማይሸጥበት ቤት፣ 63,500 ቅጂ በአንድ ጊዜ አዘዘ። መርፌና ክር፣ ሳህንና ብርጭቆ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ጎን መጽሐፍ ተቀመጠ።

ይህን ስናነብ ደስ ያለን ለምን እንደሆነ መቼም ይገባችኋል። መጽሐፍን ለብዙ ሰው ያደረሰው ቸርቻሪ ነው!

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ አህጉራችን ያመጣናል። በ1958 ለንደን ውስጥ ሃይንማን የተባለው አሳታሚ የአንድ ናይጄሪያዊ ወጣት ልብ ወለድ በጠንካራ ሽፋን አሳተመ። የታተመው 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ወጣቱ ቺንዋ አቼቤ ነው። መጽሐፉ ዛሬ ከሃምሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች የተተረጎመው፣ ስለ ኦኮንክዎ ውድቀት የሚተርከው ሥራው ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለውን ውድ መጽሐፍ ግን ሌጎስም ሆነ አክራ ወይም ናይሮቢ ያለ ተማሪ ሊገዛው አይችልም። የሃይንማን የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው አለን ሂል ይህን አስተዋለ። የእንግሊዝ አሳታሚዎች አፍሪካ ውስጥ መማሪያ መጽሐፍ እየሸጡ ትርፉን ይወስዳሉ፤ አፍሪካዊ ደራሲን ግን አያሳትሙም። በ1962 «የአፍሪካ ደራስያን» የሚል ተከታታይ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አራት መጻሕፍት ሁለት የአቼቤ፣ አንድ የሲፕሪያን ኤክዌንሲ፣ አንድ ደግሞ በኋላ የዛምቢያ ፕሬዚዳንት የሆኑት የኬኔት ካውንዳ ነበሩ። ሽፋኑ ለስላሳ፣ ወረቀቱ ተራ፣ ዋጋው የተማሪን ኪስ የሚመጥን። የልብ ወለዱም መለያ ቀለም ብርቱካናማ ሆነ።

አቼቤ ራሱ የተከታታዩ አማካሪ ሆኖ ለአሥር ዓመት አገለገለ፤ ለዚህም ደመወዝ አልተከፈለውም። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ መቶ ያህል መጻሕፍት ወጡ።

የካምፓላው እንግዳ

በዚያው በ1962፣ በሰኔ ወር፣ ካምፓላ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ተሰበሰቡ። አቼቤም መጣ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ኬንያዊ ወጣት፣ ያኔ ስሙ ጄምስ ንጉጊ፣ የረቂቁን ወረቀት ይዞ ወደ አቼቤ ሄደ። አቼቤ አነበበለት፤ ለአሳታሚው አሳለፈለት። በ1964 ታተመ። ዛሬ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ብለን የምናውቀው ደራሲ ጉዞውን የጀመረው እንዲህ ነው።

ካምፓላ የብዙዎቻችን ገበያ ናት። ካባላጋላ አካባቢ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ከፍቶ ይኖራል፤ እኛም ስንሄድ እንጀራ የምንበላው እዚያ ነው። ማኬሬሬ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፈናል! እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ወረቀቱን ይዞ የአንድ እንግዳ ደጅ እንደጠና ግን የነገረን የለም። የነገረን ከሸራ ላይ የተገዛ መጽሐፍ መግቢያ ነው።

ከዚህ በኋላ የእኛ አካባቢ ሰዎች ተከተሉ። የሣህለሥላሴ «አፈርሳታ» በ1969፣ የሶማሌው ኑረዲን ፋራህ የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ1970፣ የዳኛቸው ወርቁ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» በ1973፣ የሣህለሥላሴ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ የካሣን ወደ አፄ ቴዎድሮስነት ጉዞ የሚተርከው፣ በ1974 በዚሁ ተከታታይ ወጡ። የሱዳኑ አጣይብ ሳሊህ በዓረብኛ የጻፈው የስደት ታሪክም በ1969 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ገባ። ከመተማ እስከ በርበራ፣ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ፣ የምንነግድበት አገር ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

እንዴት ወደ ሸራው ወረዱ?

እነዚህ መጻሕፍት በብዛት የተሸጡት ለትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ፈተናውን ሲጨርስ መጽሐፉን ለታናሹ ይሰጣል ወይም ይሸጣል። ቤተ መጻሕፍት የተላቀቀውን ያስወግዳል። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ቤት ይቀይራል፤ ካርቶኑ ይወጣል። ከውጭ በእርዳታ የሚመጣም አለ። ሰልባጅ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እየወረደ ገበያ እንደሚደርስ የምታውቁ ሁሉ፣ የመጽሐፉም መንገድ ያው እንደሆነ አትስቱም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። የተከታታዩ ዋና ገበያ ናይጄሪያ ነበረች። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ናይጄሪያ የውጭ ምንዛሪ አጠበበች። ምንዛሪ ከሌለ ዕቃ አይገባም፤ ዕቃው መጽሐፍም ቢሆን። ኤልሲ ለመክፈት ወራት የጠበቀ ነጋዴ ይህን ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም። አሳታሚው አዲስ ደራሲ ማውጣቱን ቀነሰ፤ የቆዩትም ብዙዎቹ ዳግመኛ ሳይታተሙ ቀሩ። ስለዚህ ብዙ መጻሕፍት በሕይወት የቆዩት በሸራው ላይ ነው። አሳታሚው የተዋቸውን መንገድ ዳር ያለው ሰው አላስጣለም።

ጎረቤቶቻችንን ያገኘንበት

አሁን ስላገኘናቸው ሰዎች እናውራ።

ሪቨር ሮድን የማያውቅ ነጋዴ አለ? ሌሊት የሚገባ አውቶቡስ፣ ርካሽ ማደሪያ፣ ኪስህን ያዝ የሚባልበት መንገድ። ሜጃ ምዋንጊ በ1976 ባወጣው ልብ ወለድ በዚያ መንገድ ያስኬደናል። ቤን የሚባል የቀን ሠራተኛ አለ፤ ጓደኛው ኦቾላ ነው። ሁለቱ ከፍ ያለ ፎቅ ይሠራሉ፤ ፎቁም ስሙ «የልማት ቤት» ነው። ቀን ሲሚንቶ ይሸከማሉ፤ ማታ ማደሪያ ያጣሉ። አብራው የነበረችው ሴት ሕፃን ልጇን ትታበት ስትጠፋ፣ ቤን የእሱ ያልሆነውን ልጅ ምን ሊያደርገው ነው? ይህን ካነበብን በኋላ ሪቨር ሮድ ላይ ዕቃችንን የሚሸከመውን ልጅ ስሙን መጠየቅ ጀመርን። ከዚያ በፊት «አንተ!» ነበር የምንለው።

ግሬስ ኦጎትን ያገኘናት ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ነው። በ1966 ናይሮቢ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ማተሚያ ቤት ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ነው። ኦቾላና ሚስቱ ኒያፖል ከኬንያ የሉኦ አገር ተነሥተው፣ የተሻለ መሬት ፍለጋ ድንበር ተሻግረው ወደ ታንጋኒካ ይሄዳሉ። ሚስቱ አልወደደችውም፤ እሱ ግን ሀብት ታየው። መሬቱ ሰጠ፣ ከብቱ ረባ። ሲበለጽግ የጎረቤት ዓይን ከበደው፤ ያልታወቀ በሽታም ቆዳው ላይ ወጣበት። ከዚያ ወዲያ የሀብቱ ነገር ምን ይሆናል? ንብረቱንስ ትቶ ይመለስ? ከመካከላችን አንዲት እትዬ ይህን መጽሐፍ ሲተርኩላት «ይሄ የእኔ ወንድም ታሪክ ነው» አለች። ወንድሟ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ የደቡብ አፍሪካ ሱቁን ጥሎ ነበር የተመለሰው።

ኑረዲን ፋራህ በ1945 ባይደዋ ተወለደ፤ ያደገው ግን ቀላፎ ነው፤ ማለትም በእኛው አገር፣ በኦጋዴን። አማርኛም ተምሯል። የመጀመሪያ መጽሐፉ ኤብላ ስለምትባል የዘላን ልጅ ነው። ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ ሌሊት ተነሥታ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ በለድወይን ትጠፋለች። እዚያ የአጎቷ ልጅ ሱቅ አለው፤ ኮንትሮባንድም ይሠራል። ዕቃው ሲያዝበት ኪሳራውን ለመሸፈን እሷን ለአንድ ደላላ ሊድራት ይስማማል። ኮንትሮባንድ ሲያዝ ስለጠፋው ዕቃና ስለ ገንዘቡ ብዙ ሲወራ ሰምተናል። ኪሳራው በቤት ውስጥ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን ይህን ያህል በግልጽ የነገረን ሰው አልነበረም። ያን መጽሐፍ ያነበበ ነጋዴ ስለ ሚስቱ፣ ስለ እህቱና ስለ ሴት ልጁ ሳያስብ አይቀርም።

አብዱልራዛቅ ጉርናህም አለ። ዛንዚባር ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ነው። በ1994 ያሳተመው «ገነት» የተባለው ልብ ወለዱ ዩሱፍ ስለሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይተርካል። አባቱ ለነጋዴው አዚዝ ዕዳ አለበት። ልጁ «አጎቴ» እያለ ከሚጠራው ከአዚዝ ጋር በባቡር ይሄዳል፤ የተወሰደው ግን ስለ ዕዳው መያዣ ሆኖ ነው። ኋላም ከቅፍለቱ ጋር ወደ መሀል አገር ይገባል። ሸክሙ፣ ጉቦው፣ በየመንደሩ የሚከፈለው ቀረጥ፣ በሽታው፣ ሙሉ ንብረት የሚዘረፍበት ቀን፣ ሁሉም አለ። ጉርናህ በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ በገዛ አካባቢው እንኳ ብዙ ሰው «ማነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ከሽልማቱ በፊት ከክምር ሥር ያነሣው ሰው በትንሽ ገንዘብ አግኝቶታል። ከሽልማቱ በኋላ ዋጋው ያው አልሆነም። ገበያ እንዲህ ነው፤ ስም ሲወጣ ዋጋ ይወጣል። ደስታው ግን ስሙ ሳይወጣ ያገኘው ሰው ነው።

በእኛስ ቤት?

ይህ ሁሉ የጎረቤት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ፣ በለገሃር፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን እናስታውሳለን። ገንዘብ የሌለው ይከራያል። መያዣ ታስይዛለህ፣ መጽሐፉን ትወስዳለህ፣ ቀኑ ካለፈ ኪራዩ ይጨምራል። ብዙዎቻችን ልብ ወለድ የተማርነው በኪራይ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚያወጣቸው መጻሕፍት ዋጋቸው የሚቀመስ ነበር። ከሞስኮ ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚመጡትም በጣም ርካሽ ነበሩ። ርካሽ የሆኑት መንግሥት ሐሳቡን ሊያሰራጭ ስለፈለገ ነው። አንባቢው ግን ለሐሳቡ የመጣውን መደርደሪያ ሲያገላብጥ ጎርኪንና ቼኾቭን አገኘ፤ ወደዳቸውም።

መጽሐፍ የሚወደድበትም ጊዜ አለ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተነሣ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከመደብር የጠፋው መጽሐፍ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያኔ የነበሩት አንባቢዎች፣ መጽሐፉን ጠፍቶ እንዳይቀር በየቤቱ የያዙት ሰዎች፣ ለቀጣዩ ትውልድ ባለውለታ ናቸው። በ2025 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ፤ እነሆ አሁን ደግሞ ሌላው ዓለም «ይህ ደራሲ ማነው?» እያለ ነው።

ርካሽነት ለምን አዲስ ሰው ያስተዋውቃል?

በነጋዴ ቋንቋ እንንገራችሁ። አዲስ ዕቃ ስትጀምሩ በመጀመሪያው ዙር ኮንቴይነር ሙሉ አታመጡም። ናሙና ታመጣላችሁ። ካልተሸጠ ኪሳራው ትንሽ ነው። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አንድ ሺህ ሽልንግ ይዞ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ስም ይገዛል፤ ገንዘቡን መድፋት አይፈልግም። ሃምሳ ሽልንግ ይዞ ጎንበስ ያለ ሰው ግን ይሞክራል። ሦስቱ ባይጥሙት አራተኛው ይክሰዋል። ርካሽ ዋጋ ለአንባቢ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ለመሳሳት ነፃ መሆኑ ነው። ለመሳሳት ነፃ ያልሆነ ሰው ከሚያውቀው ሰፈር አይወጣም።

ብዙ ጊዜ ተሳስተናል። የሒሳብ መማሪያ ልብ ወለድ መስሎን ገዝተናል። የመጨረሻ ሃያ ገጹ የጎደለ የወንጀል ታሪክ አንብበን ገዳዩን ሳናውቅ ቀርተናል። አሁን ተምረናል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ እናያለን፣ ቀጥሎ መሐሉን ገልጠን አንድ አንቀጽ እናነባለን፣ ከዚያ አሽትተን እርጥበት እንዳልገባው እናረጋግጣለን። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ሳይሆን በፊት መኪና ሲሰበር ማርሳቢት ላይ ሁለትና ሦስት ቀን መቀመጥ ነበረ። ያኔ የመጽሐፉ ጉድለት አይታየንም ነበር፤ ያለውን ሁለቴ እናነባለን።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። ያገለገለ መጽሐፍ ሲሸጥ ደራሲው ሳንቲም አያገኝም። ይህ ያሳስበናል። አሮጌ መጽሐፍ ግን አንዴ የተከፈለበት ነው፤ ልክ እንደ ሰልባጁ። በስውር ተባዝቶ በአዲስ ሽፋን የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። እሱ የደራሲውን ጉሮሮ ይዘጋል። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ መስመሩ የተንጋደደ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀረጥ ከፍለን የምናስገባውን ዕቃ አጠገባችን አስመስሎ የሚሸጥብን ሰው ሲያናድደን፣ ደራሲው ላይ ተመሳሳዩን ማድረግ አይገባንም። የእኛ ደንብ ይህ ነው፦ በሸራ ላይ ያወቅነው ደራሲ በሕይወት ካለና አዲስ መጽሐፍ ካወጣ፣ እሱን ከመደብር በሙሉ ዋጋ እንገዛለን። ናሙናው በርካሽ፣ ጭነቱ በዋጋው።

ለቆራሌው የተሰጠው

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ አንድ ነገር አጫውተውናል። አባታቸው መምህር ነበሩ። ሲያርፉ ጋሼ ለንግድ ጁባ ነበሩ፤ ለቀብሩ አልደረሱም። ለአርባው ሲመጡ የአባታቸው መጻሕፍት የሉም። ቤቱ ሊከራይ ስለሆነ ዘመድ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፍ ለቆራሌው በኪሎ ሰጥቶታል። ማንም በክፋት አላደረገውም። ቦታ ያዘ፣ አቧራ ሆነ፣ ተሸጠ። ምናልባት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ይሆናል፤ ምናልባትም አራት ኪሎ አንዱ ሸራ ላይ ደርሷል።

ጋሼ ዛሬም አዲስ አበባ በገቡ ቁጥር አሮጌ መጽሐፍ ሲያነሡ መጀመሪያ የሚያዩት የፊተኛውን ገጽ ነው። አባታቸው ስማቸውንና የገዙበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። እስካሁን አላገኙም። «አንድ ቀን አገኝ ይሆናል» ይላሉ። እኛም አብረናቸው ስንሆን የፊተኛውን ገጽ እናያለን።

ለዚህ ነው ይህን የጻፍነው። ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ ጁባም ሆነ አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ አንድ ካርቶን አለ። አማርኛውን ልጆቻችን ብዙዎቹ አያነቡትም፤ እኛም ጊዜ የለንም እንላለን። ካርቶኑን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለመጽሐፍ ሻጭ አሳዩት። ለሻጩ ከሰጣችሁት ቢያንስ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል።

ወደ «አፈርሳታ» እንመለስና እንጨርስ። ያቺን መጽሐፍ የገዛው ጓደኛችን ኢስሊ ነው የሚኖረው። ልጁ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ አትችልም። መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ስለሆነች አነሣቻትና በሁለት ማታ ጨረሰቻት። ናማጋ የሚባል የጉራጌ አገር ገበሬ ጎጆው ይቃጠልበታል፤ ያቃጠለውን ለማወቅ መንደሩ ይሰበሰባል። ማን እንዳቃጠለው አንነግራችሁም፤ ራሳችሁ አንብቡት። ልጅቷ ስትጨርስ «አባዬ፣ አፈርሳታ ግን የእውነት ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አባትየው በደንብ አያውቀውም ነበር። አዲስ አበባ ለእናቱ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አሮጊቷ «ምነው ዛሬ ይሄን አስታወሳችሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያም በልጅነታቸው የጎረቤት በሬ ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚቀጣ፣ እናቶች ምሳ ተሸክመው ወደ ሜዳው እንዴት እንደወጡ አወሩ። አርባ ደቂቃ አወሩ። ልጅቷ ስልኩ ላይ ተደፍታ ሰማች፤ ያልገባትን ቃል እየጠየቀች።

ከአያቷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ሲያወሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። መጽሐፏ አሁን የልጅቷ ናት። በፊተኛው ገጽ ላይ ስሟንና ቀኑን ጽፋለች።